የአውሮፕላኗን ጭራ ያቃናው እጅ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሪት ሜሮን ገብሬ ንዳ
ዕድሜ፦ 32
ሥራ፦ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ
አድራሻ፦ ወልቂጤ ከተማ፣ ከአቶ ገብሬ ንዳ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
ቦታ፦ ወልቂጤ፣ የፖሊስ ምርመራ ክፍል
ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን ሙዝደሊፋ ሸረፋ
ጉዳዩ፦ አውሮፕላን ሆን ብሎ በማበላሸት በተጠረጠረው በአቶ ሽፋ አብዱልሃፊዝ ላይ የቀረበ አቤቱታ

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። የማውቀውን እውነት እንድናገር፣ በሐሰት ብመሰክር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ማክሰኞ ዕለትም መጥቼ አቶ ሽፋ ይህን ሥራ ሊሠራው አይችልም ብዬ ነበር። ያለ ማስረጃ የሚመዘገብ ነገር የለም ተብዬ ተመለስኩ። ዛሬ ማስረጃ ይዤ መጥቻለሁ። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

የምሠራው የእንሰት ማሳዎችን ከአየር ላይ ፎቶ እያነሳ ካርታ በሚያዘጋጅ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ ያለው አንዲት ባለ አንድ ሞተር፣ አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ብቻ ነች። የምጠግናት እኔ ነኝ፤ የሚያበራት ካፒቴን ሱራፌል ነው፤ የሚጠብቃት አቶ ሽፋ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ ስልክ ይደውላል። አውሮፕላኗ እስከ ኅዳር ወር ድረስ ቡታጅራ አካባቢ ስትሠራ ቆይታ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ የምታድረው ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ድርጅቱ በተከራየው የሣር ሜዳ ላይ ነው። አቶ ሽፋ የመስቃን ሰው ነው። ከቡታጅራ ጀምሮ አብሮን የነበረ ሲሆን፣ ወደ ወልቂጤ ስንዛወር ሚስቱንና ልጆቹን እዚያው ትቶ ተከትሎን መጥቷል። በጥበቃ ሥራው ሳለ አውሮፕላኗን ከውጭ በጨርቅ ከመጥረግ በቀር ነክቷት አያውቅም።

መርማሪው በአውሮፕላኗ ላይ ተበላሸ የተባለው ትሪም የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ በቀላሉ እንዳስረዳ ስለጠየቁኝ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። አውሮፕላን አየር ላይ ስትሆን አፍንጫዋ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማለት ይፈልጋል። አብራሪው ይህን በክንዱ ሲታገል እንዳይውል፣ በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መካከል አንዲት ትንሽ መዘውር ተበጅታለታለች። መዘውሯን ሲያዞራት፣ ከጭራው ክንፍ የኋላ ጠርዝ ጋር የተያያዘች፣ የሰው ክንድ የምታህል ላሜራ በካቮ፣ ማለትም በብረት ገመድ፣ እና በአጭር ዘንግ እየተሳበች ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትታጠፋለች። ላሜራዋ ወደ ታች ስትታጠፍ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ይነሳል፤ ወደ ላይ ስትታጠፍ አፍንጫዋ ይደፋል። ነገሩ የግልባጭ ነው። አውሮፕላኗ የምታርፈው አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ስለሆነ፣ ካረፈች በኋላ ላሜራዋ ወደ ታች እንደታጠፈች ትቀራለች። ስለዚህ ቆማ ሲያያት፣ ለማያውቅ ሰው ላሜራዋ ወርዳ የተጣመመች ትመስለዋለች። አልተጣመመችም። መርማሪው ይህቺን ዓረፍተ ነገር እንዲያሰምሩባት ጠይቄ አስምረውባታል።

ከጥምቀት በዓል ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ካፒቴን ሱራፌል መዘውሯ ከበደችኝ ማለት ጀመረ። ትይዝና ድንገት ትለቃለች አለኝ። እኔም ወለሉን ከፍቼ ሰንሰለቷን አየሁ፤ ደህና ነበረች። ካቮው የሚሄድባቸውን መንኮራኩሮች አንድ በአንድ አዞርኩ፤ ደህና ነበሩ። ጭራዋ ውስጥ ገብቼ ዘንጉን የሚገፋውን ጥርስ ሳየው፣ የቡታጅራ አቧራና የድሮ ግሪስ ተለውሶ እንደ ጭቃ ደርቆበታል። አጥቤ በአዲስ ግሪስ ቀባሁት። ተሻለው እንጂ ጨርሶ አልዳነም። የቀረኝ የካቮውን ውጥረት መለካት ነበር፤ መለኪያው ግን ቡታጅራ በሚገኘው የድርጅቱ መጋዘን ውስጥ ተረስቷል። ለምን ተረሳ ተብዬ በመርማሪው ስለተጠየቅኩ፣ ዕቃውን የጫነው እኔ ሳልሆን ሥራ አስኪያጁ የላካቸው ሰዎች መሆናቸውን አስረድቻለሁ።

በዚያ ሳምንት ሀገሩ ሁሉ የአውሮፕላን ሐኪም ሆኖብኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በቀን ስንት ጊዜ እየደወለ «ዘይት ጠብ አድርጊበት፣ ምን ያንዛዛሻል?» ይለኛል። ወደ ሜዳው የሚያመላልሰኝ የባጃጅ ሾፌር ባትሪ ነው ብሎ ደመደመ። አቶ ሽፋም «ብርዱ ነው ኢንጅነሯ፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ እንዲሁ ይለኛል» አለኝ። ካፒቴን ሱራፌል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ቆሞ «አሁንስ?» ይላል። መርማሪው ወደ ዋናው ጉዳይ እንድገባ ስላሳሰቡኝ ገብቻለሁ።

ቅዳሜ ጥር 17 ቀን እራት ላይ ይህንኑ ብሶቴን እቤት አወራሁ። አባቴ አቶ ገብሬ ንዳ ጥቂት ነገር ጠየቀኝ፤ ጭራዋ ላይ ያለችውን ላሜራ በአጥር በኩል ሲያልፍ አይቷት ኖሮ ስለሷ አንስቶ ነበር። እኔ ደክሞኝ ስለነበር «አባዬ፣ ይሄ ወፍጮ አይደለም፣ ተወኝ» አልኩት። እሱም መብላቱን ቀጠለ።

እሑድ ጥር 18 ቀን ጠዋት መለኪያውን ለማምጣት ወደ ቡታጅራ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ለካፒቴን ሱራፌል ስልክ ደውዬ፣ ካቮውን ለክቼ እስካረጋግጥ ድረስ አውሮፕላኗ እንዳትነሳ ነግሬዋለሁ። እሺ ብሎኛል። መጋዘኑ እሑድ ዝግ በመሆኑ አክስቴ ቤት አደርኩ። ሰኞ ጠዋት መለኪያውን ይዤ መናኸሪያ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። አውሮፕላኗ እምድብር አካባቢ አንድ መንደር ጀፎሮ ላይ አርፋ ተሰብራለች አሉኝ። ተነስታለች ብሎ የነገረኝ ሰው እንኳ አልነበረም።

ስለ በረራው የማውቀው ካፒቴን ሱራፌል ራሱ አታት ሆስፒታል ተኝቶ የነገረኝን ነው። ሰኞ ማለዳ ሥራ አስኪያጁ ደውሎ ደመና ሳይገባ የአገናን አካባቢ አንስተህ ጨርስ ብሎት ተነስቷል። ከመነሳቱ በፊት መዘውሯን መሃል ላይ አድርጓታል፤ ምልክቷም መሃል ላይ ናት። ወደ ጭራው ዞሮ ግን ላሜራዋን አላየም። ለምን አላየህም ስለው «ምልክቷ መሃል ነበረቻ!» አለኝ። ገና ከመሬት ስትለቅ አፍንጫዋ ወደ ታች ይጎትት ጀመር። መዘውሯን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ቢያዞራትም ጭነቱ ቀለል አለ እንጂ አልተወውም። መሪውን በሁለት እጁ ወደ ደረቱ ስቦ ይዞ፣ አንዱን እጅ ለቅቆ ሬዲዮ ማንሳት እንኳ አቅቶት፣ መዞርም ፈርቶ ቀጥታ በረረ። እምድብር አካባቢ ሲደርስ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ከታች በቤቶቹ መካከል የተዘረጋውን ጀፎሮ አየ።

ጀፎሮ የመንደሩ ሰው ለቅሶውንም በዓሉንም የሚያደርግበት ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። ለዚህ ነው ካፒቴኑ ዛሬ በሕይወት ያለው። ሴቶቹ አውሮፕላኗ ከላይ ስትመጣ አይተው ጮኹ፤ ወንዶቹ ጥጆቹን እየጎተቱ ወደየቤቱ አስገቡ። አውሮፕላኗ ሣሩ ላይ ጥሩ አርፋ ከሄደች በኋላ መጨረሻው ላይ ያለው ቦይ የፊት ጎማዋን ሰበረው። የካፒቴኑ ቀኝ እጅም አንጓው ላይ ተሰበረ። ከመንደሩ ሰው የተጎዳ የለም። ጥጃ እንኳ አልተነካም።

ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ካፒቴኑን ሳይጠይቅ በቀጥታ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ አውሮፕላኔን አበላሹብኝ ሲል አመለከተ። እሑድ ዕለት ሜዳው ላይ የነበረው አቶ ሽፋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እሱ ተያዘ። እኔም የጥገናው ኃላፊ ነኝና ጉዳዩ እስኪጣራ አውሮፕላኗ አጠገብ እንዳልደርስ ሥራ አስኪያጁ በስልክ አገደኝ። በማግስቱ ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ ጭራዋን ሲመረምር፣ የላሜራዋ ዘንግ በሚታሰርበት ዳዶ ሥር የቃጫ ክር ተጠምጥሞ አገኘ። ቃጫ ከእንሰት የሚወጣው ክር መሆኑን መርማሪው ስለሚያውቁ አላብራራሁም። አቶ ሽፋ በጥበቃ ጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ ከቃጫ የከብት ማሰሪያ ገመድ እንደሚገምድ ደግሞ የማያውቅ የለም። በቃ። ለሥራ አስኪያጁ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀለት። ክሩን ፎቶ አንስቶ «የዘበኛው ገመድ ነው» እያለ ላገኘው ሁሉ አሳየ።

አንድ ነገር ብቻ አልሆነለትም። አውሮፕላኗን ጎትቶ የሚወስድ ትልቅ መኪና ይዞ ሲመጣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ከለከሉት። አንደኛው ሽማግሌ «አውሮፕላን ወደቀብን፣ እግዜር ያመጣው ነው ብለን ዝም አልን። መኪና ግን ጀፎሯችንን አያርስም። በሰው ሸክም ትውጣ» አሉት። ሥራ አስኪያጁ ተቆጣ፣ ሕግ ጠቀሰ፤ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። እነሱ ወንበር አውጥተው አውሮፕላኗ አጠገብ ተቀመጡ። በዚህ ምክንያት ማንም ሳይነካካት እስከ ረቡዕ ቆየችልኝ። በዚህ ሳምንት በጎ ያደረገልኝ ሰው ቢኖር እነዚያ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም ለኔ ብለው አይደለም።

ማክሰኞ ዕለት አቶ ሽፋን በተያዘበት ሄጄ አነጋገርኩት። ሚስቱ ሳሌሃ ከቡታጅራ መኪና እየቀያየረች ምግብ ይዛለት መጥታ ነበር። «ጋሽ ሽፋ፣ እሑድ ሜዳው ማን መጣ?» አልኩት።

«ማንም» አለኝ።

«ፎቶውን አይቻለሁ፤ ዳዶው ተፈትቶ ታስሯል። ራሱን አይፈታም። አንተ መፍቻ እንኳ የለህም።»

«ያልኩትን ብያለሁ። አደራ አለብኝ፤ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።»

ሳሌሃ ይህን ስትሰማ ቋጠሮዋን መሬት ላይ አስቀምጣ በሁለታችንም ላይ ጮኸች። «የማን አደራ ነው እሱ? አደራው ልጆቼን ያበላል? በርበሬው ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ዘመድ ለምኜ ነው ጥዬው የመጣሁት!» አለች። አቶ ሽፋ አንገቱን ደፍቶ «ሳሌሃ፣ በአላህ» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም። እኔም ተናድጄ ወጣሁ። ለሱ ልሟገትለት እየሮጥኩ እሱ አፉን መዝጋቱ አብግኖኝ ነበር፤ ይህንን አልደብቅም።

ትናንት ረቡዕ ጥር 21 ቀን ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ፣ ባለሙያ ይመርምራት በሚል በመርማሪው ትእዛዝ፣ መርማሪውና ሥራ አስኪያጁ ባሉበት አውሮፕላኗን አየሁ። በመጀመሪያ መዘውሯን መሃል ላይ አደረግኳት። ላሜራዋ ከጭራው ክንፍ ጋር መስመር መያዝ ሲገባት ወደ ላይ ታጥፋ ቆመች። መዘውሯን አፍንጫ ወደሚያነሳው በኩል እስከ መጨረሻው አዞርኳት፤ ላሜራዋ ያን ጊዜ ገና ከክንፉ ጋር ተስተካከለች። ወደ ታች ጨርሶ አትወርድም። ያን ቀን ካፒቴኑ የሚያዞረው ሁሉ ከንቱ የነበረው ለዚህ ነው። ካቮው አልተበጠሰም፣ ሰንሰለቱም አልሳተም፤ የሳምንት ልፋቴ ሁሉ ደህና ነበር። አጭሯ ዘንግ ብቻ ከልኳ በላይ እንድታጥር ተደርጎ ዳዶዋ እንደገና ታስሯል። ይህን ያደረገው ሰው ሊሰብራት የፈለገ ሰው አይደለም። ሊሰብር የፈለገ ይቆርጣል ወይ ይፈታል። ይህ ሰው ላሜራዋ ከክንፉ ጋር ልክ እስክትሆን ድረስ በጥንቃቄ አስተካክሎ፣ በእጁ ዳስሶ፣ አጥብቆ ነው የሄደው።

ከዚያ መርማሪው ዳዶውን እንድፈታ ስለፈቀዱልኝ ፈታሁት። ሥር የቀረውን ቃጫ ስመለከተው እጄ ቆመ። አቶ ሽፋ የሚገምደው ቃጫ ጥሬና ወፍራም ነው፤ ለከብት ነዋ። ይህኛው በጥፍር ተሰንጥቆ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ በሰም የታሸ፣ የቡሎኑን ጥርስ ተከትሎ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደረብ የተጠመጠመ ነበር። ዳዶ በቃጫ ጠምጥሞ ማሰር ከውሃ ቧንቧ ሠሪዎች የመጣ ልማድ ነው። ሰም አሽቶ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ቀብሮ የሚጨርስ ግን የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቃጫውን እየሰነጠቅኩ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። መርማሪው ምን ሆንሽ ብለው ሲጠይቁኝ ነገ ጠዋት ቃሌን እሰጣለሁ ብያቸው ሄድኩ። የዘገየሁት አንድን ሰው ሳልጠይቅ ስሙን መስጠት ስላልፈለግኩ ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሥራ ቤቱ ደረስኩ። አባቴ የአንድ ወፍጮ ክፍል እየሞረደ ነበር።

«አባዬ፣ እሑድ ሜዳው ሄደህ ነበር?» አልኩት።

ሞረዱን አስቀምጦ ፈገግ አለ። «አየሽው?» አለኝ።

መርማሪው ከዚህ ቀጥሎ የተነገረውን ቃል በቃል እንድናገር ስለጠየቁኝ የማስታውሰውን ያህል ተናግሬያለሁ። «ከጸሎት በኋላ ነው የሄድኩት» አለ። «ላሜራዋ ወርዳ ነበር። ዘንጓ ረዝማባት ነው እንጂ አንቺ እንደምትይው ካቮ ምናምን አይደለም። አሳጠርኳት፤ ልክ ሆነች።»

«ጋሽ ሽፋ እንዴት አስገባህ?»

«አባቷ ነኝ አልኩታ። ያውቀኛል። እስክታየው እንዳትነግራት፣ አደራ አልኩት። ድንገት ስታይው ደስ እንዲልሽ ብዬ ነዋ!»

«አውሮፕላኗ ወድቃለች እኮ! ሰው ተሰብሯል! ሽፋ ታስሯል! ይህን ሁሉ እየሰማህ ለምን ዝም አልክ?»

አባቴ በእውነት ግራ ገባው። «ሽፋማ አበላሸ ተብሎ ነው የታሰረው» አለኝ። «እኔ ምን አበላሸሁ? የጠገንኩ ሰው ፖሊስ ዘንድ ሄጄ ጠገንኩ ልበል?»

መርማሪው አባቴ ይህን ሲል እየቀለደ ወይም እየሸሸ እንደሆነ ስለጠየቁኝ፣ እንዳልሆነ በእርግጠኝነት መልሻለሁ። አባቴን ወልቂጤ ያውቀዋል። የላላ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ለቅሶ ቤት ሄዶ የጎረቤቱን የበር ማጠፊያ አጥብቆ የመጣ ሰው ነው። ሽማግሌ ሆኖ ለጋብቻ ልጅ ሊጠይቅ በሄደበት ቤት የተሰበረ አልጋ ጠግኖ፣ የሄደበትን ጉዳይ ረስቶ ተመልሷል። ይህን ስንናገር ሁሌም እንስቃለን። አሁን አያስቅም።

ክርክር ስለማይገባው አልተከራከርኩትም። አንዲት ቀጭን ላሜራ ቆርጬ፣ ጫፏን አጥፌ፣ መሃሏን በሽቦ ይዤ በከሰል ማራገቢያው ፊት ያዝኩለት። ነፋሱ ሲመታት የታጠፈው ጫፏ ወደ ላይ ሲሆን የኋላ ጠርዟ ወረደ፤ ወደ ታች ሲሆን የኋላ ጠርዟ ተነሳ። ጫፏን አቃንቼ ስይዛት ደግሞ ዝም አለች። «የጭራው ክንፍ ይሄ ነው። የኋላ ጠርዙ ሲወርድ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ይደፋል፣ ሲነሳ አፍንጫዋ ይነሳል። አፍንጫዋን የምታነሳዋን የታች እጥፋት ነው አንተ የወሰድክባት» አልኩት። በራሱ እጅ ተቀብሎኝ እንደገና ሞከረው። ብዙ ጊዜ ሞከረው። ከዚያ ማራገቢያውን አጥፍቶ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። የጀመረውን ወፍጮ ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም። ልጅ ሆኜም፣ እናቴ ስትሞትም እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

«ሽፋ ከታሰረ ስንት ቀን ሆነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «በኔ አደራ?» አለ። አዎ አልኩት። ሥራ ቤቱን ቆልፎ ወደ ቤት ገባ።

ዛሬ ጠዋት ቃሌን ከመስጠቴ በፊት አቶ ሽፋን እንዳገኘው ተፈቅዶልኝ ነበር። የሆነውን እንደማውቅና እንደምናገር ስነግረው፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ተቆጣኝ። «አባትሽ ሁሉን ነገሩሽ?» አለ። «እኔ ዝም ያልኩት ለጋሽ ገብሬ አደራ ብቻ መስሎሽ ነው? ለአደራውማ አንድ ቀን ይበቃ ነበር። አባቷን በእጇ አሳሰረች እንዳትባይ ብዬ ነው። እኔ እወጣለሁ፣ የተለጠፈ ስም ግን አይወጣም። ተመለሺ!» አለኝ።

ይህን ስሰማ ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ጮህኩበት። አሁንም መናደዴን መርማሪው እንዲመዘግቡልኝ እፈልጋለሁ። አባቴ ለኔ ብሎ አውሮፕላን ጠገነ። አቶ ሽፋ ለኔ ብሎ ታሰረ። ሥራ አስኪያጁ ለድርጅቱ ብሎ አስበረረ፤ ካፒቴኑ ለሥራ አስኪያጁ ብሎ በረረ። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዱ፣ አንዱ እንኳ፣ ስልክ አንስቶ «ሜሮን፣ ይሄን ላድርግ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ አንድም ነገር ባልሆነ ነበር። ስልኬ ክፍት ነበር። ቡታጅራ ኔትወርክ አለ።

በአባቴ ላይ የምሰጠው ቃል ምን ሊያስከትል እንደሚችል አውቅ እንደሆነ በመርማሪው ተጠይቄ፣ አውቃለሁ ብያለሁ። ቃሌን ለመተው ወይም ለማሻሻል እፈልግ እንደሆነም ተጠይቄ፣ አልፈልግም ብያለሁ። አባቴ ማበላሸት ፈልጎ አይደለም። ያልተፈቀደለትን፣ የማያውቀውን ነገር ነክቷል፤ በዚህም ሰው ሊሞት ነበር። ካፒቴን ሱራፌል ያልኩትን አለመስማቱና ጭራዋን ሳያይ መነሳቱ፣ ሥራ አስኪያጁም ማስነሳቱ በዚሁ መዝገብ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። አቶ ሽፋ ግን የትኛውንም አልሠራም። በዘንጉ ላይ የተገኘው ቃጫ የሱ አይደለም። ለማነጻጸር ከአባቴ ሥራ ቤት ያመጣሁትን በሰም የታሸ ቃጫ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

በመጨረሻ የምጨምረው አለ ወይ ተብዬ የሚከተለውን ጨምሬያለሁ። አባቴ ዛሬ ጠዋት ከኔ ቀድሞ ተነስቶ፣ እሑድ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ መኪና እምቢ ብሎ በእግሩ አብሮኝ መጥቷል። አሁን ውጭ በሩ ላይ ቆሟል። መርማሪው በመስኮት አይተውታል። «ያጠፋሁትን እናገራለሁ፣ ታሰር ከተባልኩም እታሰራለሁ፤ ነገር ግን ሽፋ በዚህ በር ሲወጣ ሳላየው እኔ በዚህ በር አልገባም» ብሏል። ጉልበቱን ያመዋል። ፖሊሶቹ ወንበር ቢያወጡለት፣ «እስር ላይ ያስቀመጥኩት ሰው ሳይነሳ አልቀመጥም» አላቸው። ሳሌሃ ከሱ ራቅ ብላ ቆማለች፤ ሰላምታውን አልመለሰችለትም፤ ለምን አልመለሰችም ብዬም አላዝንባትም። ፀሐዩ እየበረታ ነው። ስለዚህ የአቶ ሽፋ ጉዳይ በቶሎ እንዲታይልኝ፣ መጀመሪያ እሱ እንዲወጣ፣ ከዚያ አባቴ እንዲገባ አመለክታለሁ።

የሰጠሁት ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን እንደሰማሁት ተናግሬያለሁ፤ እውነት ነው። ቃጫው የአባቴ ነው ያልኩትም እውነት ነው። በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሜሮን ገብሬ ንዳ

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ሙዝደሊፋ ሸረፋ